ነጭ ካልሲ ለየኔታ እግር

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ክምር ድንጋይን አልፎ፣ በጉና ተራራ ትከሻ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደውን መንገድ በታኅሣሥ ወር የተጓዘ ሰው፣ ከተማዪቱ ስሟን ከምን እንዳገኘች ማንንም መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ራሱ ከካፖርቱ ሥር ገብቶ ይነግረዋልና። ከዚያ ወር ምሽቶች በአንዱ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝና ዳዊት ያስደገሙኝ መምህር፣ የኔታ፣ በሚኖሩባት ጎጆ ውስጥ ከምድጃው ማዶ ተቀምጬ ስለ ድሮ ባልንጀሮቼ ሲያወጉኝ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ዐይኔን ወደ እሳቱ ብመልስ፣ እንደ ደገኛ ሽማግሌ ሁሉ ለሙቀት ብለው የዘረጉት ግራ እግራቸው ከፍሙ አንድ ስንዝር እንኳ አልራቀም፤ የላስቲክ ጫማቸው አፍንጫ ቀልጦ አመድ ይዟል። «የኔታ፣ እግርዎ!» ብዬ ስጮህ፣ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉና የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚመለከት ሰው እግራቸውን ተመለከቱት። «እሳት ነካኝ እንዴ?» አሉ። በድምፃቸው ውስጥ መገረም እንጂ ሕመም አልነበረም፤ እኔንም ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

ሌሊቱን ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። ፍም ሲቀርበው ዝም ያለው ያ እግር፣ ኩራዙ ጠፍቶ ሁላችንም ጋደም ባልን ጊዜ፣ የጋቢ ጫፍ ቢያርፍበት እንኳ የማይችል ሆነ። «ይነድዳል፤ ጉንዳን ይርመሰመስበታል፤ አንዳንዴም ድንገት ይነዝረኛል» እያሉ፣ ጋቢውን ከእግራቸው ላይ ሲገፉት፣ ብርዱ ሲበረታባቸውም መልሰው ሲስቡት ሌሊቱ ነጋ። እንግዲህ እሳት በሌለበት እሳት አለ ብሎ የሚጮህ፣ እሳት ባለበት ደግሞ የለም ብሎ የሚክድ እግር ነበር፤ በዳኛ ፊት ቢቆም ሐሰተኛ ምስክር በተባለ ነበር።

ሊቃውንት አምስቱን ሕዋሳት ሲቆጥሩ ርእይን፣ ሰሚዕን፣ አጼንዎን፣ ጥዒምን ብለው ገሢሥን ያስከትላሉ። ገሢሥ ግን እንደ ዐይንና እንደ ጆሮ አንድ ማደሪያ የለውም፤ በቆዳችን ሁሉ ላይ ተበትኖ የሚኖር፣ የነካውን ሁሉ በነርቭ ክር ወደ አንጎል የሚልክ መልእክተኛ ነው። ከነዚህ ክሮች ረጅሞቹ ከወገብ አጠገብ ተነሥተው እስከ እግር ጣቶች ጫፍ የሚወርዱት ሲሆኑ፣ በጎልማሳ ሰው አንድ ሜትር ያህል ይረዝማሉ። ስኳር በደም ውስጥ ለብዙ ዓመታት በዝቶ ሲኖር ነርቮቹንና ነርቮቹን የሚመግቡትን ደቃቅ የደም ሥሮች ይጎዳል፤ አስቀድሞ የሚደክመውም ረጅሙ ክር ስለሆነ ሕመሙ ከጣቶች ጫፍ ይጀምርና ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያም ወደ ባት ይወጣል። ሐኪሞች ይህን አካሄድ የሚገልጹት በካልሲ መስለው ነው፤ ሕመሙ ራሱ፣ ሰውዬው ሳይገዛውና ሳይመርጠው፣ ከጣቱ እስከ ባቱ እንደ ካልሲ ያለብሰዋልና። ነርቩ ሲታመም ማቃጠሉና መንዘሩ ይመጣል፤ ሲሞት ዝምታው ይመጣል፤ በአንድ እግር ላይም ሁለቱ ባንድነት ሊያድሩ ይችላሉ። ላብን የሚያዝዘው ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ቆዳው ወዙን ያጣል፣ ተረከዙ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ለቁስል በር ይሆናል።

የኔታ ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ ዓመታት አልፈዋል። እኔም ይህን ሰምቼ፣ ብርዱንም አስቤ፣ ከአዲስ አበባ ስነሣ ከመርካቶ ስድስት ጥንድ ካልሲ ገዝቼ ነበር፤ ወፍራም፣ ጥቁር፣ አፉ ላይ ላስቲኩ ጠበቅ ያለ፣ ለእኔ እጅ ሙቀቱ የሚያስተማምን። በነጋታው አንዱን አጠለቅሁላቸው። «ይመቻል ወይ፣ የኔታ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ፤ ምንም አይሰማኝም» አሉኝ፤ እኔም ይህን መልስ እንደ ምርቃት ተቀበልሁት። በሦስተኛው ቀን ምሽት ሳወልቅላቸው ግን በባታቸው ዙሪያ ላስቲኩ ያሰረበት ጎድጓዳ ቀለበት ቀርቷል፤ በትንሿ ጣት ራስ ላይ ደግሞ የካልሲው ስፌት ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈገፍግ ቆዳውን ልጦ አቁስሎታል። ጥቁር ካልሲ ነበረና የወጣውን እርጥበት ማንም አላየውም። ለጤነኛ እግር ካልሲ መልካም የሚባለው ለብሰውት ሲረሱት ነው፤ ስሜት ለተለየው እግር ግን ሁሉም ካልሲ ይረሳል፤ ክፉውም ደጉም፣ ጠጠር የገባበትም ያልገባበትም እኩል ምቹ ነው። ስለዚህም «ይመቻል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ለእግሩ ባለቤት መቅረቡ ቀርቶ ለዐይንና ለእጅ መቅረብ ነበረበት፤ ያን ጊዜ እኔ ይህን አላወቅሁም።

ይህ የየኔታ ብቻ ነገር አይደለም። ከስኳር ሕሙማን እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዘመናቸው የነርቭ ጉዳት እንደሚያገኛቸው ሐኪሞች ያስተምራሉ። ስኳር የጠገበና የወፈረ የከተማ ሰው ሕመም ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ለገበሬው አገር ብዙ አይገጥምም። በጎንደር ያስተማሩትና ያከሙት ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በገጠር ከሚኖሩት ከሲታ ድኾች መካከል ኢንሱሊን የሚያስፈልገው የስኳር ሕመም መገኘቱን አሳይተው፣ ይህ ዓይነቱ ሕመም ከምግብ ማጣት ጋር የተያያዘ እንደሆነ እንደገና ይመርመር ሲሉ ጠየቁ። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን የስኳር ሕመም አምስተኛ ዓይነት ብሎ ለይቶ አወቀው። ዝናብ በቀረ ቁጥር ጎተራው ቶሎ የሚራቆት እንደ ስማዳና እንደ ታች ጋይንት ያለ አገር ሰው ይህን ሲሰማ ነገሩ ከደጁ የራቀ አይመስለውም። እግርን ወደ መደንዘዝ የሚያደርስ ሌላም መንገድ አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶኒያዚድ፣ ቫይታሚን ቢ 6 ካልታከለበት፣ እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ለኤች አይ ቪ ይሰጥ የነበረው ስታቩዲንም ብዙ ሰው ከሞት እያዳነ የብዙውን እግር ስላቃጠለ፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሥጋ ደዌ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበሎች ዜማውን ቢተዉ ይህ ደዌ ይይዛቸዋል እየተባለ ሲነገር የኖረው፣ ገብረ ክርስቶስ መርዓዊም የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ሰውነቱ በቁስል እንዲመታ ለመነ ተብሎ በገድሉ የሚነበበው በዚሁ አገር ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ተሐዋሲውን ካገኘ በኋላ እንደ ታወቀው፣ ደዌው ቀዝቀዝ ያለውን የሰውነት ክፍል መርጦ ነርቭ ውስጥ ይሰፍራል። ብዙ ዘመን ሰው ሁሉ ጣት የሚቆርጠው ደዌው ራሱ ይመስለው ነበር፤ በሕንድ አገር በቬሎር የሠራው እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ሕሙማኑን በትዕግሥት ሲከታተል፣ ጣትን የሚያሳጣው ያልተሰማ እሳት፣ ያልተሰማ ስለት፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ የሚመጣ አይጥ መሆኑን ተረዳ። ሕመም ማጣት ራሱ ደዌ መሆኑን በዚህ መንገድ ዓለም ተማረ። በአዲስ አበባ በ1965 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አለርት ይህንኑ ትምህርት ይዞ፣ መድኃኒት ከመስጠት ጋር ጫማ የሚሠራበትን ክፍል አቋቁሞ፣ ለደነዘዘ እግር ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት ጫማ ሲሠራ ኖሯል። በአገራችን ስለ ስኳር እግር ጥበቃ የሚነገረው ምክር እኒያ ወገኖች ብዙ ጣት ከፍለው ያስተማሩት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምስጋናው ግን እምብዛም ወደ እነርሱ ሲደርስ አላየሁም።

እኔም ጥቁሮቹን ካልሲዎች ጠቅልዬ ሌላ ፍለጋ ወጣሁ። በነፋስ መውጫ ገበያ ካልሲ በሸራ ላይ ተከምሮ ይሸጣል፤ በዓርብ ገበያም፣ በስማዳው ወገዳም፣ በእስቴው መካነ ኢየሱስም ከዚህ የተለየ አይገኝም፤ ከጣልያንኛ የመጣው ስሙ እንኳ ነገሩ በቅርብ ዘመን የገባ እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ሻጩ ወጣት ጥንካሬውን ሊያሳየኝ ካልሲውን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ክንዱ ድረስ ለጠጠው። እኔ ግን የገለበጥሁት ውስጡን ነበር፤ ጣቶቹ ጋ ያለውን ስፌት በአውራ ጣቴ ስዳብሰው እንደ ቆዳ ጠርዝ ወፍሮ አገኘሁት። ክሩ ናይለን ነው፤ ናይለን ላብን ወደ ውጭ አያሳልፍም፣ እርጥበት ውስጥ የዋለ ቆዳም ነጭቶ ይላጣል። አፉ ጠባብ ነው፤ ጠባብ አፍ ደም ወደ እግር መመላለሱን ያውካል። ቀለሙ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ ነው፤ ከነዚህ በአንዱም ላይ የደም ጠብታ አይለይም። «ጌታው፣ ሰው የሚጠይቀው ጥቁሩን ነው፤ ነጭ ጭቃ ያነሣል» አለኝ ሻጩ፤ እውነቱን ነው። ነጭ ካልሲ የሚያነሣው ጭቃ ብቻ አለመሆኑን ስነግረው ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ቆየና፣ እናቱም ስኳር እንዳለባት ነገረኝ።

እርሱ ዘንድ ያጣሁትን የሰጡኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚኖሩት እማሆይ ናቸው። መጀመሪያ ሐሳቤ የበግ ጠጉር ነበር፤ የፋርጣ በግ የታወቀ ነው፤ ከጠጉሩ የሚሠራው ባናም የጉናን ቁር ሲከላከል የኖረ ልብስ ነው። ነገር ግን የደጋ በጋችን ጠጉር ሻካራ ነው፤ በባዶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ይኮሰኩሳል፤ ሌሊት የጋቢ ጫፍ መቻል ያቃተውን እግር በባና መጠቅለል ደግሞ ጭካኔ ይሆናል። እማሆይ ይህን ስነግራቸው እንዝርታቸውን ሳያቆሙ፣ «ድር ይቆርጣል፣ ማግ ያቅፋል፤ ከማጉ ይሁንለት» አሉ። ድር ለሽመና እንዲጸና ከርሮ የሚፈተለው ሲሆን፣ ማግ ላላ ብሎ የሚፈተል ለስላሳው ክር ነው። ማግ ለብቻው ቶሎ ይበጠሳልና ሁለቱን ባንድ ላይ ደርበው ገመዱት፤ ቋጠሮ ባገኙ ቁጥርም ክሩን ቆርጠው ጫፍ ለጫፍ በምራቃቸው እያሹ ቀጠሉት፤ ለየኔታ ትንሿ ጣት አንዲት ቋጠሮ ከጠጠር የማታንስ መሆኗን አንድ ጊዜ ከነገርኋቸው በኋላ ሁለተኛ ማሳሰብ አላስፈለገኝም።

ክሩን ተቀብላ ካልሲ ያደረገችው በከተማዪቱ ሹራብ የምትሠራ ሴት ናት። በአምስት መርፌ ዙሪያውን እየዞረች ስለምትሠራው፣ እንደ ፋብሪካው ካልሲ ጣቶቹ ጋ የሚጋጠም ጠርዝ አልነበረበትም። አፉን ያለ ላስቲክ፣ አንዱን ጥልፍ ወደ ውስጥ አንዱን ወደ ውጭ እያደረገች ስትጨርሰው ሳይንሸራተት የሚይዝ፣ ሲወልቅም ምልክት የማይተው ሆነ። ልኩን የወሰደችው የየኔታን እግር በወረቀት ላይ አስቁማ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ከልላ ነው፤ ረጅም ካልሲ ጫማ ውስጥ ይታጠፋል፣ እጥፋቱም ይፈገፍጋል፤ አጭር የሆነው ደግሞ ጣቶችን ያጎብጣል። ክሩ ወፍራም ስለሆነ በቀድሞው ጫማ ውስጥ ቢገባ እግራቸውን እንደሚያስጨንቅ ታወቀና፣ በቀለጠው የላስቲክ ጫማ ፈንታ አፍንጫው ሰፋ ያለ፣ ማሰሪያውም የሚላላ የሸራ ጫማ ተገዛ። ስለ ካልሲ ብዙ አውርቶ ስለ ጫማ ዝም የሚል ሰው ሥራውን ከግማሽ ይተወዋል።

አገሩም እንደ ከፍታው ሌላ ሌላ ጥበቃ ይጠይቃል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ያለውን ሰው የሚያሰጋው ምድጃ ስለሆነ ለማታ ካልሲ ማጥለቅና ከፍሙ ራቅ ብሎ መቀመጥ ይገባዋል፤ የእግር ውኃውንም አስቀድሞ በክርኑ ወይም በሌላ ሰው እጅ መለካት አለበት። ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ የግራሩና የጋባው እሾህ፣ የጋለው ድንጋይና ላቡ ይመጣሉ፤ እዚያ ስስ የጥጥ ካልሲ በቀን ሁለት ጊዜ መለወጥ ይሻላል። በእስቴ የክረምት ጭቃ ደግሞ ጥጥ አንድ ጊዜ ከራሰ ቶሎ አይደርቅምና ደረቅ ጥንድ በጉያ ይዞ መሄድ ነው።

ለእኔ ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ የቤተ ክርስቲያኑ ነገር ነበር። ጋይንት የዜማ አገር ነው፤ ድጓ የተማረ እዚያው ወዳለችው ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ምስክር ዙር አምባ ነው። የኔታም ዕድሜያቸውን በቅኔ ማኅሌት በመቋሚያ ተደግፈው ሲቆሙ ያሳለፉ ናቸው። በዚያ ቦታ ጫማ ይወልቃል፤ ሙሴ በሲና ከታዘዘበት ቀን ጀምሮ የተቀደሰ መሬት በጫማ አይረገጥም። ለሌላው ሰው ይህ ትሕትና ነው፤ ለደነዘዘ እግር ግን በደጀ ሰላሙ ጠጠርና በግቢው ደረቅ እሾህ መካከል ያለ ጋሻ መሄድ ነው። የኔታን በበዓል ቀን ከማኅሌት ቅሩ ማለት አልደፈርሁም፤ ብደፍርም አይሰሙኝም ነበር። ስለዚህ ጫማው እስከ መቅደሱ ደጃፍ ድረስ እንዳይወልቅ፣ ከዚያ ወዲያ ነጩ ካልሲ እንዲቀር፣ ሲመለሱም ጫማው ተራግፎ ውስጡ በእጅ ሳይዳበስ እንዳይጠለቅ ከደቀ መዝሙራቸው ጋር ተስማማን። ካልሲ እሾህ አይመልስም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። ሥራው ምስክርነት ነው።

ደቀ መዝሙሩ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሲሆን፣ ማታ ማታ የመምህሩን እግር ማጠብ ከቀድሞ የነበረ አገልግሎቱ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት፣ በየቤቱም ለእንግዳ የእግር ውኃ የሚቀርብበት አገር ስለሆነ፣ ለልጁ አዲስ ነገር ያስተማርሁት በጣም ጥቂት ነው፤ ካጠበ በኋላ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በጨርቅ እንዲያደርቅ፣ ተረከዙን ቫዝሊን እንዲቀባ፣ ጣቶቹ መካከል ግን እንዳያስገባ፣ ከዚያም ውስጥ እግሩን በመብራት እንዲያነብብ። አንድ የጤና ባለሙያ የእግራቸውን ስሜት ሊመረምር መጥቶ፣ ዐሥር ግራም ያህል ኃይል ሲያርፍበት በሚጎብጥ የናይለን ክር የየኔታን ውስጥ እግር ነጥብ በነጥብ ሲነካ እኔም ልጁም ተገኝተን ነበር። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ክሩ ባረፈ ቁጥር «አለ» እንዲሉ ተነገራቸው። ባለሙያው አውራ ጣታቸውን፣ የውስጥ እግራቸውን ፊት፣ ተረከዛቸውን ነካ፤ የኔታ የሚሰማቸውን ሲጠባበቁ ጎጆዋ ጸጥ አለች። ልጁ አለቀሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን እግር ማየቱን አንድ ማታ እንኳ አላስታጎለም።

የልደት ሌሊት መጣ። ከበሮው ተመታ፣ ጸናጽሉ ተንሿሿ፣ ዝማሜው ተጀመረ፤ የኔታም ነጩን ካልሲ ለብሰው ከመቋሚያቸው ጋር እስከ ንጋት ቆሙ። ብርዱ እስከ አጥንት የሚገባ ነበር፤ እርሳቸው ግን ድምፃቸው አልሰለለም። ቅዳሴው አልቆ ወደ ጎጆው ከተመለስን በኋላ፣ ገና ለመፈሰክ እንኳ ሳይቀርቡ፣ ልጁ ለብ ያለ ውኃ በገበታ አቀረበና በርከክ ብሎ ካልሲዎቹን አወለቀ። የቀኙን ገልብጦ አየውና አስቀመጠው። የግራውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ጥቂት ቆየ፤ ከተረከዙ ከፍ ብሎ የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረችበት።

«ምን አገኘህ?» አሉ የኔታ።

ልጁ እግራቸውን በጉልበቱ ላይ አሳርፎ በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ሲሠራ ቆየና የእሾህ ስባሪ በመዳፉ ይዞ አሳያቸው።

«የት ነበረ?»

«እዚህ ነው፣ የኔታ» አለና፣ የመምህሩን አመልካች ጣት ይዞ ከቦታው ላይ አሳረፈው።